አምስት ማዕዘን ያለው ክፍል

እኔ የዓይን መርማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞርኩ የሕፃናትን ዓይን እመረምራለሁ፤ መነጽር የሚያስፈልገውን ለይቼ አዛለሁ። ዶክተር አይደለሁም፤ ነጭ ጋወን ስለምለብስ ግን ዶክተር የማይለኝ የለም፤ እኔም ማስተባበሉ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ከመቶ የሚበልጡ ክፍሎች ገብቼ ወጥቻለሁ። የአብዛኞቹ መልክ ከአእምሮዬ ጠፍቷል። አንዱ ግን አልጠፋም፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳልነግር ማለፍም አልሆነልኝም። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ወደዚያ ትምህርት ቤት በሄድኩበት ቀን የመሣሪያ ሣጥኔን ተሸክሜ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ስወጣ፣ ደረጃው መሐል ትንፋሼ አጠረና ቆምኩ። ከኋላዬ ይወጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይሉ የሣጥኑን አንድ እጀታ ያዙ። ኮታቸው ተተኩሷል፣ ጫማቸው ያብረቀርቃል፣ ወገባቸው እንደ ወጣት ቀጥ ብሏል። እንዲተዉት ብለምናቸው፣ በዚሁ ደረጃ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ከዚህ የከበደ የደብተር ክምር ተሸክመው መውጣታቸውን ነገሩኝ። እያረፍን ስንወጣ ማንነታቸውን አወቅሁ።

ሽማግሌው የአንደኛ ክፍል መምህር የነበሩ ናቸው። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ነጎድጓድ» ይላቸዋል፤ ሲጠሩበትም አይከፋቸውም። ስሙ የወጣላቸው በድምፃቸው ነው። እሳቸው «ሀ» ሲሉ ስልሳ ልጅ «ሀ» እያለ ሲከተል፣ ድምፁ ከመንገዱ ማዶ እስካለው ዳቦ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር አሉኝ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ወላጆች አልለቀቋቸውም፤ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መረጧቸው።

ያን ጠዋት የመጡበት ጉዳይ በደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። አሥራ አንድ ወላጆች የፈረሙበት አቤቱታ ነው። የአንደኛ ክፍሏ መምህርት የወንበሩን ረድፍ አፍርሳ ልጆቹን በየማዕዘኑ በትናቸዋለች፤ ልጆቹ በጠርሙስ ክዳን ሲጫወቱ ይውላሉ፤ እሷም ከጥቂቶቹ ጋር ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ከክፍሉ የፊደል ድምፅ መሰማቱን ካቆመ ቆይቷል ይላል። ርዕሰ መምህሩ ነገሩ ቢያስጨንቀው አንድ ጠዋት ገብተው እንዲያዩት ለምኗቸዋል፤ እሳቸው ይፍረስ ካሉ ሰኞ ረድፉን ሊመልስ ቃል ገብቷል። መምህርቷ ደግሞ የራሳቸው የቀድሞ ተማሪ ናት።

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን የነገሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ቤተሰቡ «ሚጢጢ» የሚላት የልጃቸው ልጅ እዚያው ክፍል ትማራለች። በአራት ዓመቷ ፊደሉን ከዳር እስከ ዳር ያስጠኗት እሳቸው ናቸው። ሆኖም ትምህርት ከጀመረች አራት ወር ሞልቷት፣ እናቷ መጽሐፍ ይዛ አጠገቧ ስትቀመጥ ልጅቷ ማንበብ አቅቷት ታለቅሳለች።

«ዓይኗን እይልኝ» አሉኝ። «ዓይኗ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የመምህርቷ ነው። ያን ጊዜ እኔም ዝም አልልም።»

መጀመሪያ ልያት አልኳቸው። በእኔ ሙያ ሳይመረምሩ መናገር ነውር ነው።

ርዕሰ መምህሩ ባዶ ክፍል ስላጣ ጠረጴዛዬን እዚያው አንደኛ ክፍል ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ጥግ ላይ አስቀመጠልኝ። ያየሁትን ለማየት የበቃሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በሩን ስንከፍት የገበያ ጩኸት ነበር የጠበቅነው። የተቀበለን ግን ከጎረቤት ቤት የልብስ ስፌት መኪና ሲሰፋ እንደሚሰማው ያለ ለስላሳ ድምፅ ነው። አርባ አምስት ልጆች በክፍሉ ውስጥ ነበሩ፤ አንድም ረድፍ ግን አልነበረም። በመስኮቱ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ዘጠኝ ልጆች ሁለትና ሦስት እየሆኑ አንድ መጽሐፍ ይዘዋል፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው በጣቱ ይከተላል። በበሩ በኩል ሌሎች ዘጠኝ፣ ከጣሳ የዘረገፏቸውን የጠርሙስ ክዳኖች ከበዋል፤ በየክዳኑ ጀርባ ፊደል ተጽፎበታል፤ ልጆቹ ክዳኖቹን እየገጣጠሙ ቃል ይሠራሉ። ሦስተኛዎቹ ይጽፋሉ። አራተኛዎቹ በአንዲት ትንሽ ማጫወቻ ዙሪያ ተደፍተው፣ መምህርቷ በገዛ ድምፅዋ የቀዳችውን ታሪክ እየሰሙ ገጹን ይገልጣሉ። የቀሩት ከመምህርቷ ጋር በአንዲት ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። እሷ አንገቷ ላይ ቢጫ ሻርፕ ጠምጥማለች።

መምህርቷ ቀና ብላ ለሽማግሌው በአክብሮት አንገቷን ዝቅ አደረገችና ወደምታዳምጠው ልጅ ተመለሰች። ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። የሽማግሌው ፊት ሲጠቁር አየሁ። ወዲያው ግን አንዲት ልጅ ከክዳኖቹ መሐል ተነስታ ወንበር ጎትታ አመጣችላቸው፤ «ይቀመጡ አባባ» አለቻቸውና ተመልሳ ቃሏን ቀጠለች። ሽማግሌው ማን እንዳዘዛት ለማየት ዞር ዞር አሉ። ያዘዛት ሰው አልነበረም። የዚያ ሳምንት እንግዳ ተቀባይ እሷ መሆኗን ያወቅነው በኋላ ነው።

እኔ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ መመርመር ጀመርኩ፤ ዓይኔ ግን ከክፍሉ አልነሳ አለ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ እርሳሱ ተሰበረ። መምህርቷ ጋ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ አጠገቡ ያለውን ጠየቀ፤ እሱ መቅረጫ የለውም። ሁለተኛውን ጠየቀ፤ እሱም የለውም። ሦስተኛዋ ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። ቀረጸ፣ መለሰ፣ ጻፈ። ሽማግሌውም አንገታቸውን አስግገው ያንኑ ልጅ በዓይናቸው ሲከተሉት አየሁ።

ጥቂት ቆይቶ መምህርቷ በእርሳስ የብርጭቆ ጠርዝ መታ አደረገች። ድምፁ እኔ ጋ በቅጡ አልደረሰም። አርባ አምስቱ ልጆች ግን ባሉበት ቀጥ አሉ። ክዳኖቹ ወደ ጣሳቸው፣ መጻሕፍቱ ወደ መደርደሪያው፣ እርሳሶቹ ወደ ቆርቆሯቸው ገቡ። ከዚያ ልጆቹ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ጨርቅ ተመለከቱ። በጨርቁ ላይ አምስት ኪሶች ተሰፍተዋል፤ በየኪሱም የማዕዘኑ ሥዕል አለ፤ ከየኪሱ ጫፍ አንድ አንድ ባለ ቀለም የልብስ መቆንጠጫ ተንጠልጥሏል፤ እያንዳንዱ ቀለም የአንድ ቡድን ነው። አንዲት ልጅ መቆንጠጫዎቹን ወደሚቀጥለው ኪስ አዛወረች። ቀዮቹ ወደ መጽሐፍ፣ ሰማያዊዎቹ ወደ መምህርቷ፣ ሁሉም ወደየቦታው ሄዱ። ማንም ማንንም አልገፋም። ሰዓቴን ተመልክቼ ነበር፤ አንድ ደቂቃ አልሞላም። አዋቂ ሰዎች ከአውቶቡስ ሲወርዱ ስንቴ ተረግጫለሁ። እነዚህ ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናቸው ናቸው። ነገሩ ከመግረም አልፎ ሰውነቴን ወረረኝ፤ አንድ ትልቅ ነገር ፊቴ እየሆነ እንዳለ ሁሉ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መናገር ጀመርኩ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «የሚቆጣጠራቸው ማነው?» አሉኝ።

ወደ ጨርቁ ጠቆምኳቸው።

የሚጢጢ ተራ ደረሰ። አጠር ያለች፣ የምትናገረውን አስቀድማ በከንፈሯ የምትለማመድ ልጅ ናት። ማንበብ ላልጀመሩ ልጆች ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የሥዕል ሰሌዳ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሳትደናቀፍ ለየች፤ ቀኝም ግራም ዓይኗ ጥርት ያለ ነው። ለአያቷ ይህንኑ ነገርኳቸው። ደስ ሊላቸው ሲገባ ከበዳቸው፤ እጃቸውም የደረት ኪሳቸውን ዳሰሰ።

ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ሦስታችን ክፍሉ ውስጥ ቀረን። መምህርቷ ሻርፗን ፈትታ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ሽማግሌው ፊት ቆመች፤ ተቀመጪ እስኪሏትም አልተቀመጠችም። ቅድም ስላልተነሳችላቸው ይቅርታ ጠየቀች። ቢጫው ሻርፕ አንገቷ ላይ ሳለ ልጆቹ እንዳያቋርጧት ከእነሱ ጋር ቃል መግባቷን፣ ቃሉ ደግሞ እሷንም እንደሚያስር ነገረቻቸው።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ «አንቺን ያስተማርኩሽ በዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። ብልህ ልጅ ነበርሽ። ስለዚህ አሁን የምጠይቅሽን በቅንነት መልሺልኝ። አንቺ ከዘጠኝ ልጅ ጋር ተቀምጠሽ ስታበቂ ሠላሳ ስድስቱን ማን ያስተምራቸዋል?»

«በዚያች ሰዓት አዲስ ነገር የሚያስተምራቸው የለም ጋሼ» አለች። «አዲሱን የሚማሩት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ወደ ማዕዘኖቹ ይዘውት የሚሄዱት ቀድመው ያወቁትን ነው፤ እዚያ እጃቸው እስኪለምደው ይደጋግሙታል። የማያውቁትን ሰጥቼ ብልካቸው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይህ ክፍል ወላጆች እንደሚሉት ይሆን ነበር።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ተነጋገሩ፤ ሁሉን ብጽፈው አንባቢን ማድከም ይሆንብኛል። ሽማግሌው አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፤ እሷም ሳትቸኩል ትመልሳለች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ምን እንዳስተማረች ሲጠይቋት፣ በማዕዘኖቹ በኩል አንዲት ፊደል እንኳ አለማስተማሯን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ያስተማረችው መራመድ ነበር፤ ክዳን ወደ ጣሳ መመለስ፣ በሹክሹክታ መነጋገር፣ ለቸገረው ነገር ሦስት ልጅ ጠይቆ ያጣ ብቻ ወደ እሷ መምጣት። መጀመሪያ አንድ ማዕዘን ብቻ ከፈተች። ልጆቹ እሱን ሲለምዱት ሁለተኛውን ጨመረች። የጽሕፈቱ ማዕዘን በተከፈተ በሁለተኛው ቀን እርሳስ ሰይፍ ሆኖ ስለነበር ለአንድ ሳምንት ዘግታ እንደገና ከመጀመሪያው አስተማረች። ወላጆች ልጆቻችን ምንም አልተማሩም ያሉት ያን ጊዜ እንደሆነ፣ እንዲህ በማለታቸውም እንደማትፈርድባቸው ተናገረች።

ሽማግሌው ስለ ቀለሞቹም ጠየቁ፤ ቀዩ የጎበዞች፣ ሰማያዊው የሰነፎች መሆን አለመሆኑን ማወቅ ፈለጉ። እንደዚያ አለመሆኑን አስረዳቻቸው። አንድ ዓይነት ነገር ያስቸገራቸውን ልጆች ለጊዜው ታገናኛለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ እንዳዳመጠቻቸው ታዘዋውራቸዋለች። የትኛውም ቀለም ስድብ እንዳይሆን ስትል፣ ማንንም ልጅ በአንድ ቀለም ውስጥ ሲከርም አትተወውም። ሽማግሌው ጎበዙን ፊት፣ ሰነፉን ኋላ ያስቀምጡ እንደነበር ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ ተናገሩ። እሷ አንገቷን ደፋች።

በመጨረሻ ሲያንገበግባቸው ወደነበረው ጥያቄ ደረሱ።

«እሺ፤ ዜማው ምን በደለ? ሀሁ ብሎ መጮህ ማንን ገደለ?»

«ማንንም አልበደለም ጋሼ። እኔ ፊደልን የወደድኩት በእርስዎ ድምፅ ነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት አብሬያቸው እላለሁ። ነገር ግን ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

በመስኮት ሚጢጢን ጠራቻት። ልጅቷ አቧራ ለብሳ እየሮጠች ገባች። አያቷ ፊደሉን እንድትላቸው ጠየቋት። እጇን ወደኋላ አጣምራ፣ ደረቷን ነፍታ ጀመረች። ድምፅዋ ከአካሏ ይበልጣል፤ አነሳሷም አጣጣሏም ቁርጥ እሳቸውን ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ሳታስት ጨረሰች። ሽማግሌው በኩራት እኔን ተመለከቱኝ።

መምህርቷ ጣሳውን አቀረበችላቸውና ደስ ያላቸውን አንድ ክዳን ራሳቸው እንዲያወጡ ጠየቀቻቸው። «ቶ» ወጣ። ለልጅቷ አሳዩዋት።

ሚጢጢ ክዳኑን ተመለከተች። ዓይኗ ከክዳኑ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የፊደል ገበታ ሄደ። ከንፈሯ ያለ ድምፅ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከ«ሀ» ተነሳች። በ«ለ» አልፋ፣ በ«መ» አልፋ፣ እያንዳንዱን ረድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ በከንፈሯ እየረገጠች ሄደች። ብዙ ጠበቅናት። በመጨረሻ «ቶ» አለችና ሩቅ መንገድ እንደመጣ ሰው ተነፈሰች።

ሽማግሌው ሌላ ክዳን አወጡ፤ «ሩ»። ልጅቷ አሁንም ከ«ሀ» ተነሳች።

ሦስተኛ አላወጡም። «ይበቃሻል የኔ እናት፤ ሂጂ ተጫወቺ» አሏት። ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለስላሳ ሆኖ ሰማሁት።

ልጅቷ ስትወጣ ሽማግሌው ክዳኖቹን ወደ ጣሳው መለሱ። ከዚያ መምህርቷ፣ እሳቸውን እንዳታሳዝን ቃሏን እየመረጠች፣ ነገሩን አስረዳች። ሚጢጢ ትምህርት ቤት የመጣችው ሁሉንም በተራ አውቃ ነው። ፊደል ለእሷ እንደ ዘፈን ነው፤ ዘፈኑን እንጂ ፊደሏን ለብቻዋ አታውቃትም። ከሌሎቹ ጋር ስትጮህ ከሁሉ በላይ የምታውቅ ትመስላለች። የቸገራትን መምህርቷ የደረሰችበት ለብቻዋ ስላዳመጠቻት ብቻ ነው። በየቀኑ ከየቡድኑ ሦስት ልጅ ታዳምጣለች፤ በሦስት ቀን ሁሉም ይዳረሳል።

«ታዲያ ይህን ያደረግኋት እኔ ነኛ» አሉ ሽማግሌው።

«እርስዎ ድምፁን ሰጧት ጋሼ። ድምፁ ባይኖራት ኖሮ የምነሳበት አይኖረኝም ነበር። የቀረው ፊደሏን ከድምፁ ጋር ማስተዋወቅ ነው፤ እሱን ደግሞ ለብቻዋ ሳይሰሟት ማድረግ አይቻልም።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡን። ሲናገሩም ወደ ሜዳው እያዩ ነበር።

«ካንቺ አጠገብ ይቀመጥ የነበረውን ልጅ ታስታውሺዋለሽ? ዝምተኛውን?»

«አስታውሰዋለሁ። አፉን ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሰው። እኔ አውቅ ነበር፤ ልጅ ስለነበርኩ ግን ለማን እንደምናገር አላወቅኩም።»

«አሁን በያጅ ሆኗል። ከእኔ ቤት ቀጥሎ ነው የሚኖረው። ወረቀት በመጣለት ቁጥር ይዞልኝ ይመጣና መነጽሬን ረስቼ ነው ይለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ አነበብኩለት። አንድ ቀንም መነጽር አድርጎ አላየሁትም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የዓይን ሰው ነህ። እንዲህ ዓይነት ሰው ይገጥምሃል?»

ብዙ እንደሚገጥሙኝ ነገርኳቸው። አዋቂዎች ናቸው፤ ፊደሉ ይደበዝዝብኛል ይላሉ። መስታወት በመስታወት ላይ እቀያይርላቸዋለሁ፤ ዓይናቸው ግን ጤነኛ ነው። ያን ጊዜ ፊቴን ማየት ይፈራሉ፤ እኔም እንዳላሳፍራቸው ሣጥኔን ዘግቼ ዝም እላለሁ።

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። አቤቱታውን እንደሚያወጡ ጠብቄ ነበር፤ አላወጡም። ይልቁንም ጥያቄ ጀመሩ፤ ያሁኑ ጥያቄያቸው ግን እንደ ቅድሙ ዓይነት አልነበረም። የማዳመጫው ማዕዘን ከመጽሐፉ ማዕዘን ለምን ራቀ? ድምፅ ያለውን ወደ በሩ፣ ጸጥታ የሚፈልገውን ወደ መስኮቱ ስለምታደርግ ነው። ጠረጴዛዋ ለምን እዚያ ሆነ? ጀርባዋ ለግድግዳው ሆኖ፣ ከልጅ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል አራቱንም ማዕዘን እንድታይ ነው። እየተነሱ ጣሳውን ዳሰሱ፣ የጨርቁን ኪስ አገላበጡ፣ ምንጣፉ ላይ ጎንበስ ብለው ከልጅ ቁመት ክፍሉ ምን እንደሚመስል አዩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖሩበትን ክፍል ያን ዕለት ገና እንደገቡበት ሰው ያዩት ነበር።

«ከሁሉ የከበደሽ ምኑ ነው?» አሏት በመጨረሻ።

«ዝም ማለት» አለች። «ልጁ ሲቸገር ቃሉን ልነግረው ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ከነገርኩት እኔ አነበብኩ እንጂ እሱ አላነበበም።»

ከአምስት ሳምንት በኋላ ያዘዝኳቸው መነጽሮች ሲደርሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስኩ። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ አግኝቶኝ የሽማግሌውን ነገር እየሳቀ አወራኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይመጣሉ። መምህርቷ በመጽሐፉ ማዕዘን አንድ ዝቅተኛ በርጩማ ሰጥታቸዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹን ሁሉ እያረሙ ስላስቸገሩ፣ ልጆቹ ራሳቸው ሹክሹክታ ምን ማለት እንደሆነ አስተማሯቸው።

ገብቼ መነጽር የያዘውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሚጢጢ ከመጽሐፍ ማዕዘን ወደ ማዳመጫው ስታልፍ ካርቶኑ አጠገብ ቆመች። በጎኑ በትልልቁ የታተመ ጽሑፍ ነበር፤ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። ልጅቷ ጣቷን አሳረፈችበት። አያቷ በርጩማቸው ላይ ሆነው አይተዋት ሊነሱ ሲሉ ተዉት።

«ተ» አለች። «ሰ… ባ… ሪ።» ግድግዳው ላይ ያለውን ገበታ አላየችም። ከንፈሯ ከ«ሀ» አልተነሳም። ትንሽ ቆም አለች። «ተሰባሪ። ተሰባሪ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና በጣም አሳስቧት፣ «ምኑ ነው የሚሰበረው?» አለችኝ።

ክዳኑን ከፍቼ መነጽሮቹን አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀችና ቀለሟ ወደሚጠብቃት ማዕዘን ሄደች። ለእሷ ነገሩ በዚሁ አለቀ። እኔ ግን እጄ ካርቶኑ ላይ ቀረ። ፊደልን በየቀኑ አያለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ከጥቁር ምልክት ውስጥ ሐሳብ ወጥቶ ሰው ልብ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ ሳይ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ማንም ያላስጠናት፣ ማንም ያልነገራት ነገር ነው። አንድ የማታውቀው ሰው ከሩቅ ፋብሪካ ሆኖ ጥንቃቄ አድርጉ አለ፤ እሷም ሰማችው፤ ሰምታም ተጨነቀች። ሽማግሌው በርጩማቸው ላይ አንገታቸውን አቀርቅረው ተቀምጠው ነበር።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የወላጆች ስብሰባ ስለነበር እንድቆይ ጠየቁኝ፤ ቆየሁ። ወላጆቹ በልጆቻቸው ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ከፈራሚዎቹ አንዱ ነበርና ተነስቶ የአቤቱታው መልስ የት እንደደረሰ ጠየቀ። ሽማግሌው ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ፤ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ አነበቡት፤ አጣጥፈውም መለሱት። ከዚያ ተናገሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ የኋለኞቹ ለመስማት ወደፊት ተጠጉ።

«በዚህ ክፍል ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ልጅ አስተምሬያለሁ። ሁሉንም አብረው ሲጮኹ ሰምቻለሁ። አንዱንም ለብቻው አልሰማሁትም። ስልሳ ድምፅ ሲያስተጋባ አንዱ ዝም ቢል አይታወቅም። ዝም ያሉት ስንት እንደነበሩ ልነግራችሁ አልችልም፤ አላውቃቸውማ። አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ መሐላችሁ ተቀምጠው ይሆናል፤ ከሆኑ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእነሱ እንዳልሆነ ይወቁልኝ። ይህች ልጅ ግን አርባ አምስቱንም ታውቃቸዋለች። የቱ ልጅ በየትኛው ፊደል ላይ እንደቆመ ጠይቋትና ትነግራችኋለች። እኔ ይህ ክፍል አይፍረስ እላለሁ። ያላመነ መጥቶ ይቀመጥ፤ ወንበር የምታቀርብለት ልጅ አለች።»

ዳቦ ጋጋሪው ጥቂት አሰበና የፊታችን ማክሰኞ እንደሚመጣ ተናገረ። ሌሎችም ቀን ያዙ። አንዲት እናት ብቻ የልጄን ደብተር ባዶ እያየሁ እንዴት ልመን ብላ ተከራከረች፤ መምህርቷም ለብቻዋ ወስዳ ልጇ በየሳምንቱ የጻፈውን ወረቀት አሳየቻት። እናትየዋ ወረቀቱን ይዛ ወጥታ መተላለፊያው ላይ ቆማ ታነብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ምክንያት ወደዚያ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ የለውጡንም ፍሬ በዓይኔ አይቻለሁ። ቶሎ የገባው ልጅ ሌላውን ሲጠብቅ አይሰለችም፤ የዘገየውም በጓደኞቹ ፊት አያፍርም። ልጅ መጠየቅን ይማራል፤ ተራ መጠበቅን፣ የተጠቀመበትን መመለስን፣ ሌላው ሲናገር ማዳመጥን ይማራል። እነዚህ በማንኛውም ገበታ ላይ የተጻፉ ፊደላት አይደሉም፤ ዕድሜ ልክ ግን ይነበባሉ። መምህሩም ልጁ ጨርሶ ሳይወድቅ ምን እንዳሰናከለው ያውቃል። ይህ ሁሉ የተሠራው በጠርሙስ ክዳን፣ በቁራጭ ጨርቅና በልብስ መቆንጠጫ ነው። ውድ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ችኮላ ልጆቹን ሥርዓት በማስለመድ ማሳለፍ ነው። ያን የዘለለ መምህር ማዕዘን ሠርቶ ሁከት ያተርፋል፤ ያን የታገሠ ግን እኔ ያየሁትን ያያል።

በሚቀጥለው ዓመት ከጎኑ ያለው ሌላው የአንደኛ ክፍልም ማዕዘኖቹን ከፈተ። የዚያ ክፍል መምህር ወጣት ነው፤ ብቻዬን እንዴት እችለዋለሁ ብሎ ቢፈራ ሽማግሌው አብረውት ገቡ። ባለፈው ወር ለምርመራ ስሄድ አገኘኋቸው። አንድ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ አንድ መስመር ያነባል። አንድ ቃል ላይ ቆመ። ቆይቶ ቀና ብሎ አያቸው። ሽማግሌው ቃሉን ሳይነግሩት ከንፈራቸውን ገጥመው ጠበቁ። ልጁ ወደ ገጹ ተመለሰ፤ አንዷን ፊደል ለየ፣ ቀጥሎ ሌላዋን፤ ቃሉን አገኘው፤ መስመሩንም ጨረሰ።

«ቀጥል» አሉት፤ «እየሰማሁህ ነው።»